የቀዛፊዋ መልሶች

እህቴ ሩቅ አገር ሥራ አገኘች። ማግኘት ብቻ ሳይሆን ነይልን ብለው ለምነዋት፣ «እስከ ዓርብ ቁርጡን አሳውቂን» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ይህን ለእኔ መናገር አቃታት። ሌላ ሰው ቢሆን እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ያደርግና «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጥቷል፣ ምን ትያለሽ?» ይላል። የእኔዋ ጉደኛ ግን ጌም ሠርታ አመጣችልኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ በአፏ መጠየቅ ስላልቻለች፣ እኔ በጣቴ እየተጫንኩ እንድመልስላት።

ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። እኔ ነገሩ ካለፈ በኋላም ቁጭ ብዬ ሳስበው እገረማለሁ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በዚህች ጠባብ ቤት፣ በእኔ ጩኸት መሐል አድጎ ሳይደነቁር መውጣቱ ራሱ ያስገርማል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። መንገድ ዳር ያለችው ባለ አንድ በር ሱቅ የእኔ ናት፤ ከኋላዋ ያሉት ሁለት ክፍሎች ቤታችን ናቸው። እናታችን ስትሞት እህቴ ገና የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም ነበር፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ ቁጡ ነኝ። ደንበኞቼ ምላሷ ከመቀሷ ይቀድማል እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ፤ ልብስ ማሰፋት ሲያምራቸው ዞረው ዞረው እኔው ጋ ነው የሚመጡት። እህቴ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ጭምቷ» ነው የሚላት። አንድ ነገር ሆዷ ከገባ በጉጠት አይወጣም።

ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ትቀመጥ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ሲሄድ፣ ስጨቃጨቅ ስታረቅ፣ ትንፍሽ ሳትል ታዳምጣለች። እራት ስንበላ ግን ድንገት አፏን ትከፍታለች።

«እትዬ፣ ያቺ ቀሚሱ ጠበበኝ ያለችሽ ሴትዮ የለችም? "ወፍረሽ ነው" ከምትያት "እስቲ ልክሽን እንደገና ልውሰድ" ብትያት ኖሮ፣ መጀመሪያ ትኮራብሽ ነበር። ከዚያ ሜትሩን ወገቧ ላይ ስታዪ እሷው ራሷ "ወፍሬ ነው መሰለኝ" ትልሽ ነበር።»

«ዝም ብላትስ?» እላታለሁ ለማሾፍ።

«ዝም ብትያትማ "ምን አስበሽ ነው ዝም ያልሽው?" ብላ ትጣላሽ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ያቺ ሴትዮ በዝምታም የምትጣላ ናት። ግን እንዲህ እያለች አንዱን ወሬ በአምስት መንገድ ስትመነዝረው ልጅቷ ነካ አድርጓታል እንዴ ብዬ የሰጋሁበት ጊዜ ነበር። ለካ ሙያዋን እየተማረች ነው።

አሁን ጌም ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው። እሩምታና ግልቢያው የሌሎቹ ሥራ ነው፤ የእሷ ሥራ ንግግሩ ነው። ጌሙ ውስጥ ስትዘዋወሩ አንድ ሰው ያጋጥማችሁና ያናግራችኋል። ከሥሩ ሦስት አራት መልስ ይደረደራል። አንዱን ትመርጣላችሁ። በመረጣችሁት ቃል ሰውዬው ይቀየማል፣ ወይም ወዳጅ ይሆናል፣ ወይም ነገር ቋጥሮ ይቆያል። እነዚያን መልሶች ሁሉ፣ የመልሶቹንም መልስ የምትጽፈው እህቴ ናት። እኔ መጀመሪያ ሲነገረኝ «ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?» ብዬ ስቄ ነበር። ከተጫወትኩት በኋላ ግን አልሳቅኩም።

ሥራ ቦታዋ ስንት ሞካሪ እያላቸው፣ የጻፈችውን መጀመሪያ የምታመጣው ለእኔ ነው። ለምን ብላት፣ «እነሱ አስበው ነው የሚመርጡት። አንቺ ተናደሽ ነው የምትመርጪው። ሰው ደግሞ ሲናገር እንዳንቺ ነው» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም፤ እኔ ግን እንደ ሙገሳ ወስጄዋለሁ። አንዴ አንድ ንጉሥ ፊት አቀረበችኝና ተንበርከኪ ተባልኩ። ከመልሶቹ መሐል «ጉልበቴን ያመኛል፤ አንተ ለምን አትወርድም?» የሚል አየሁ። ዓይኔን ሳላሽ ተጫንኩት። ወኅኒ ወረድኩ። ወርጄም ደስ አለኝ። የገረመኝ ግን ኋላ የመጣው ነው። ከወኅኒ ወጥቼ፣ ነገሩን ራሴው ረስቼው፣ ገበያ መሐል አንድ ዳቦ ሻጭ ቀረብ ብሎ «ንጉሡን ውረድ ያልሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝና ዳቦውን በነፃ ሰጠኝ። የተናገርኩት ቃል ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ኖሯል። ያን ዕለት ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ዋልኩ።

የእኔና የእሷ አሠራር ቀላል ነው። እጫወታለሁ። ስትመጣ የደንበኛ በርጩማ ላይ ቁጭ አደርጋትና ስህተቱን እነግራታለሁ። «ይቺ ሴትዮ እንዲህ አትልም» እላታለሁ። «ይሄ ሰውዬ ከተሰደበ በኋላ እንዴት ፈገግ ይላል?» እላታለሁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ታዳምጥና ታርማለች። የአንዱን አፍ ለሌላው ሰጥታ ከያዝኳት አለቀላት። ደግሞ እሷ ራሷ ከእኔ ብሳ ትገኛለች። «የውሸት ምርጫ» የምትለው ነገር አለ፤ ሦስት መልስ ይደረደርላችሁና የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ቦታ ነው የሚወስዳችሁ። ጊዜ ስለሌለን እንዲህ አድርጊው ብሏት ከአለቃዋ ጋር ተጣልታለች። ያ ጭምት አፏ ተከፍቶ «ምረጥ ካልነው በኋላ ምርጫው የራሱ ካልሆነ ሰውየው ላይ ቀልደናል» አለችው አሉ። ይህን ከሥራ ባልደረባዋ ስሰማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሷማ የእኔ እህት ናት።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። የሳምንቱ አጋማሽ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ደንበኛውን አስቀርቶብን እኔና ቁልፌ ቁጭ ብለናል። ቁልፌ የምንላት ቁልፍ የምትተክልልን፣ ካውያ የምታደርግልን ሴትዮ ናት፤ እጇ ወርቅ ነው፣ አፏ ግን በር የለውም። እህቴ ከውስጥ ወጣች። ጨርቁን ገፋ አድርጋ ላፕቶፗን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አዲስ ነገር ነው። ትንሽዬ ናት። ትሞክሪልኛለሽ?»

«ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ፈቃድ ጠይቄ ነው» አለችና የሹራቧን እጅጌ ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። «እኔ ዚፕ ገዝቼልሽ ልምጣ።»

ዚፕ ሳጥን ሙሉ አለኝ። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ዝናቡ ውስጥ ገብታ ሄዳለች።

ጌሙን ከፈትኩት። ወንዝ አለ። ወንዙ ላይ አንድ ጀልባ፣ ጀልባው ውስጥ መቅዘፊያ የያዘች ሴት። ቀዛፊዋ እኔ ነኝ። ሰው አሻግራለሁ፣ እመልሳለሁ። ዳር ላይ ትንሽ ቤት አለችኝ፤ እዚያ ከታናሽ እህቴ ጋር እኖራለሁ። ተሳፋሪዎች እየመጡ ያናግሩኛል፤ አንዱ ውኃው ረጨኝ ይላል፣ አንዷ ቶሎ ቅዘፊ ትላለች። ለሁሉም ደህና አድርጌ ሰጠኋቸው። ቁልፌ ካውያዋን ትታ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ትስቃለች።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ወደ ጀልባዋ መጣች። ጥቅል ይዛለች። «ማዶ ያሉ ሰዎች ለሥራ ጠርተውኛል፤ እስከ ዓርብ ቁርጡን ይፈልጋሉ» አለች። «ታሻግሪኛለሽ? ከሄድኩ ግን ቶሎ አልመለስም።» ከሥር መልሶቹ ተደረደሩ።

«ማን ሊያጎርስሽ ነው እዚያ? ግድግዳው?»

«እናታችን አደራ ያለችኝ ለዚህ ነው?»

«ሂጂ። እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ።»

የመጨረሻው ቃል የለውም፤ «ዝም ብለሽ መቅዘፊያውን ጥረጊ» ይላል።

እኔ የመጀመሪያውን ተጫንኩ። ልጅቷ ጥቅሏን እንደያዘች ቆመች። «እንዲህ ተቆጥተሽማ አልሄድም» አለችና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ወራቱ እየተገላበጡ አለፉ። ልጅቷ ዳር ላይ ቁጭ ብላ የሰው መረብ ትጠግናለች። ጧት ጧት «እንዴት አደርሽ» ትለኛለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ላናግራት ስሄድ የምመርጠው መልስ እንኳ አይመጣልኝም።

«ይቺ ቀዛፊ ተበላሽታለች» አልኩ። «ሰው ለእህቱ እንዲህ ይመልሳል? ስትመጣ አስተካክይው እላታለሁ።»

ቁልፌ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ማቆሚያ አጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«"ማን ሊያጎርስሽ ነው እዚያ? ግድግዳው?" እኮ የአንቺ ቃል ነው። ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው ስልሽ ለእኔ ምን አልሽኝ? ይቺማ ቁርጥ አንቺ ናት።»

«ሂጂ ወዲያ» አልኳት። ግን ወደ ስክሪኑ ዞሬ ልጅቷን አየኋት። መረቡን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ እህቴ የእጅጌዋን ጫፍ ታጥፋለች።

«ቁልፌ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ዝናቡ አባርቷል።»

«አላባራም እኮ።»

«አባርቷል አልኩሽ።»

ፊቴን አይታ አልተከራከረችኝም። ፌስታል ራሷ ላይ አድርጋ ወጣች። በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ።

ወደ ኋላ መልሼ ከጀልባዋ ጀመርኩ። አሁን የእናታችንን አደራ መረጥኩ። ልጅቷ አለቀሰች። ጥቅሏን ፈታ ልብሶቿን አንድ በአንድ ቦታቸው መለሰች። እኔ እንድናገር ምንም አልተጠየቅኩም፤ ስትመልስ ቁጭ ብዬ አየሁ። እንደገና ተመለስኩ። ዝምታውን መረጥኩ። ልጅቷ ጀልባዋ ላይ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ዝም እንዳልን መሸ። በነጋታው መጥታ ያንኑ ጠየቀችኝ፣ አሁንም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሳትመጣ ቤት ቀረች። እህቴ ይሄን አሳጥራ ልታልፈው ትችል ነበር እኮ። ለዝምታዬም ሦስት ቀን ሙሉ ጽፋለታለች።

እያበሳጨኝም እየደነቀኝም ነበር። አንድም የእኔ ያልሆነ ቃል የለም። ስቆጣ የምለውን ታውቃለች፤ ስከፋ የምሸሸግበትን ታውቃለች፤ እናታችንን እንደ ዱላ የማነሳበትን ሰዓት ታውቃለች። ከጠረጴዛ ሥር ሆና ይህን ሁሉ ዓመት ልኬን ስትወስድ ኖራለች። ደግሞም አልጠላችኝም። ቀዛፊዋ ስትሳደብ እንኳ እጇን እንድናይ አድርጋ ነው የሠራቻት፤ መቅዘፊያው ያቆሰለውን፣ የደረቀውን እጇን። የሚጠላ ሰው ያን እጅ አይሠራም።

የቀረው አንዱ መልስ ነው። «ሂጂ። እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ።» ተጫንኩት። ልጅቷ ፊቷ በራ። ጀልባዋ ላይ ወጣች። ወንዙ መሐል ስንደርስ ዞር ብላ «የእውነትሽን ነው?» አለችኝ። መልሶቹ መጡ። «አዎ» ይላል አንዱ። «ነገርኩሽ እኮ» ይላል ሌላው። ሦስተኛው «ቁጭ በይ፣ ጀልባዋን ልትገለብጪያት ነው» ይላል። እንባዬ እየመጣ ሳቅኩ፤ ሦስተኛውን እንደምመርጥ አውቃለች። መረጥኩት። ማዶ አደረስኳት።

ከዚያ በኋላ የሚሻገሩ ሰዎች መልእክት ያመጡልኝ ጀመር። «እህትሽ ደህና ነሽ ወይ ብላለች» ይሉኛል። የምመርጠው አንድ ብቻ ነው፤ «ደህና ናት በሏት።» እንደዚያ ስል፣ እንደዚያ ስል፣ መልእክቱ እየሳሳ መጣ። ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። ደህና ነኝ አልኳት፣ አመነችኝ። ጌሙ ውስጥ የተናገሩት ቃል አይጠፋም ብያለሁ። መጨረሻ ላይ ቀዛፊዋ የቆሰለ እጇን በጨርቅ አስራ በአንድ እጇ ትቀዝፋለች። አንድ የማታውቀው ተሳፋሪ «የሚረዳሽ ሰው የለሽም?» አላት። «እህት አለችኝ፣ ማዶ» አለች። እዚያ ላይ አለቀ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ በአንድ በኩል ልጄን የምላት እህቴ እየሄደችብኝ፣ በሌላ በኩል በሠራችው ነገር ኩራት እየነፋኝ፣ ማልቀስና መሳቅ ተምታቶብኝ ቆየሁ። ግን ሞካሪ ነኝና አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ተመልሼ አራቱን መልሶች አየኋቸው። ቀዛፊዋ በቁጣ ይዛት ታስቀራታለች፣ በአደራ ይዛት ታስቀራታለች፣ በዝምታ ይዛት ታስቀራታለች። ልጅቷ የምትሄደው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በውሸት።

ሲመሻሽ እህቴ መጣች። ጸጉሯ ረጥቧል። እጇ ባዶ ነው።

«ዚፑስ?»

«አልነበረም» አለች። ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ ነው። «ሞከርሽው?»

«ቁጭ በይ።»

እንደ ልማዳችን የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ደፋች።

«ቀዛፊዋ ቁርጥ ሰው ናት» አልኳት። «የማትለውን አንድም ቃል አላስባልሻትም። እስከ ዛሬ ከጻፍሽው ሁሉ ይበልጣል። መጀመሪያ ተበላሽታለች ብዬ ነበር፤ አልተበላሸችም። እንደዚያው ናት።»

ትንፋሿ ሲወጣ ሰማሁት። «ስህተት አለው?»

«አለው። አንድ መልስ ይጎድላል።»

ቀና አለች። «የቱ ጋ?»

«ታሻግሪኛለሽ ያለቻት ጋ። "ደህና ነኝ" ብላ ትሸኛታለች። ውሸቷን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ባታውቂ መጨረሻውን እንደዚያ አትጽፊውም ነበር። እውነቱን ተናግራ የምትሸኝበት የታለ?»

እህቴ እጅጌዋን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች።

«ልጽፈው ሞክሬ ነበር» አለች። «ስንቴ ሞከርኩት። አፏ ላይ አልቀመጥ አለኝ። አንቺ አይደለሽ ሰውን የማይለውን አታስብዪው የምትዪኝ? እንዲህ ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም እትዬ። ያልሰማሁትን ከየት አምጥቼ ልጻፍ?»

እውነቷን ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ከጠረጴዛ ሥር አዳምጣ፣ ያንን አንድ ነገር አልሰማችም፤ ተናግሬው አላውቅማ።

አራቱም መልሶች ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ቁጣው ነበር፤ ይሄን ሁሉ ከምትሠሪ አፍ የለሽም ወይ የሚለው። አደራውም ነበር። ከሁሉም የቀረበው ደግሞ ውሸቱ ነው። ደህና ነኝ ብላት ዓርብ ሳይደርስ ትመልስላቸዋለች፣ ጥቅሏን ይዛ ትሄዳለች፣ ያም ጥሩ ነው። እውነቱን ብነግራት ግን ትቀር ይሆናል። አውቃታለሁ፤ የሰው እንባ ካየች እግሯ ይታሰራል። ዕድሏን በገዛ አፌ የማበላሽባት መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ የዚያች ቀዛፊ እጅ ትዝ አለኝ።

«ስሚኝ» አልኳት። «ሥራ አግኝተሻል። ሂጂ። ካልሄድሽ አዝንብሻለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ነው የማዝንብሽ። ስትሄጂ ደግሞ ደህና አልሆንም። ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል። ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። ብታመም ማን ያየኛል ብዬ እፈራለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼ፣ አንቺን ብቻ ነው የምናፍቀው። ይህን የምልሽ እንድትቀሪ አይደለም። ደህና ነች ብለሽ እንዳትሄጂ ነው። አውቀሽው ሂጂ።»

ለንጉሡ፣ ለዳቦ ሻጩ፣ ለዝምታዬ ሳይቀር መልስ ያላጣችው ልጅ፣ ፊቷ ቀልቶ እኔን ታየኛለች።

«ለዚህ የሚሆን መልስ አልጻፍኩም» አለችኝ።

«ሳትጽፊው መልሺ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች። ከዚያ ግድቡ ተነሳ። የአገሩን ቋንቋ በቅጡ እንደማታውቅ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ትልልቅ እንደሆኑና እንደሚስቁባት፣ ብቻዋን ተኝታ እንደማታውቅ፣ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ሳትሰማ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ፤ ሁሉንም እየተንተባተበች፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን እየጀመረች፣ እያለቀሰች ነገረችኝ። አንዱም ዐረፍተ ነገር የተስተካከለ አልነበረም። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጌሙ ውስጥ ብትጽፈው ኖሮ ይሄ ተዝረክርኳል እላት ነበር። እኔ ግን አንድ ፊደል አላረምኩም።

ስትጨርስ «መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«እፈልጋለሁ» አለች። «በጣም እፈልጋለሁ እትዬ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ጻፊላቸው። ቁጣዬ ሳይመለስ።»

ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ጌሙን ዘጋችው። መልእክቱን ስትጽፍ እኔ ቆሜ መኪናውን መወልወል ጀመርኩ፤ እጄ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው እንጂ መኪናውስ ንጹሕ ነበር። ጣቶቿ ሲሮጡ፣ ሲቆሙ፣ እንደገና ሲሮጡ ሰማሁ።

«ላክሁት» አለች።

እሰይ ልላት ፈልጌ ነበር። ጀርባዬን እንደሰጠኋት የመኪናውን መንኮራኩር ይዤ ቆምኩ።

«እትዬ» አለች ከኋላዬ። «ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም» አልኳት።

«እሺ» አለች። በርጩማዋን አንስታ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ተቀመጠች።